ከኢስታንቡል የመጣው እንግዳችን

ጥር ላይ ከኢስታንቡል የመጣ ልጅ እኛ ቤት ሰንብቶ ሄደ፣ ደሴ ነው የምንኖረው፣ እና ልጁ ከሄደ በኋላም ሰፈሩ ስለሱ ማውራቱን ስላላቆመ ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው ብዬ ነው። የመጣው በአክስቴ ልጅ በኩል ነው። የአክስቴ ልጅ የቱርክ መንግሥት በሚሰጠው ስኮላርሺፕ ኢስታንቡል ይማራል፣ ይሄ ደግሞ የዶርም ጓደኛው ነው፣ ቦርሳውን አዝሎ ሀገር ማየት የሚወድ ልጅ። በዛ ላይ አጎቱ በፊት ኮምቦልቻ ኖሯል። ያፒ መርከዚ የሚባለው የቱርክ ድርጅት ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሃራ ገበያ የሚደርሰውን 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ2015 መሥራት ሲጀምር ኮምቦልቻ ውስጥ ብዙ ቱርኮች ነበሩ አይደል፣ አጎትየው ከነሱ አንዱ ነው። ስለዚህ ልጁ ኮምቦልቻ፣ ሀረጎ፣ ቦርከና ሲባል እየሰማ ነው ያደገው።

ከሱ ጋር በቆየሁበት ጊዜ የገባኝ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ነው መናገር የምፈልገው። ሰው ሩቅ ሀገር ሄዶ ሁሉ ነገር ሲለይበት ይጠነቀቃል፣ ይጠይቃል፣ እያየ ነው የሚራመደው። የሚያደናቅፈው የሚመሳሰለው ነገር ነው። ይሄ ልጅ ቡናችንን አየና የኛም እንዲሁ ነው አለ፣ ሰላምታችንን አየና የኛም እንዲሁ ነው አለ፣ ትልቅ ሰው ስናከብር አየና የኛም እንዲሁ ነው አለ፣ እና ሳይጠይቅ ዘው ብሎ ገባበት። ከዛ በኋላ ቤታችን ውስጥ የተሳቀው ሳቅ በዚህ ምክንያት የመጣ ነው፣ እሱም ከኛ እኩል ነበር የሚስቀው።

መጀመሪያ ኤርፖርቱ። ወደ ደሴ በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው፣ እኛ ለምደነው ምንም አይመስለንም፣ እሱ ግን የሚሄደው ደሴ እንደሆነ ብቻ ነው የሚያውቀው። ወርዶ ሲያነብ ኮምቦልቻ ይላል፣ ስልኩን አውጥቶ ማፕ ሲያይ ደሴ ሌላ ቦታ ናት፣ በቃ ሌላ ከተማ አውርደውኛል ብሎ ተመልሶ አውሮፕላኑ ውስጥ ልግባ ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ደግሞ ሀረጎ ላይ ተሳቢ ተበላሽቶ መንገዱ ተጨናንቆ ዘግይቻለሁ። ስደርስ በሁለት ጥበቃዎች መሀል ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ጥበቃዎቹ የማን ቤት እንግዳ እንደሆነ ለማወቅ ደሴ ያሉ ሰዎቻቸው ጋር ሲደውሉ ቆይተው ሰፈራችንን ደርሰውበት ነበር፣ ትንሽ ብዘገይ ራሳቸው ይዘውት ይመጡ ነበር ብዬ ነው የማምነው።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ፣ ያንን ሁሉ በሀረጎ ጠመዝማዛ ነው የምትወጣው። ልጁ የኮምቦልቻን ፀሐይ አይቶ በቲሸርት ሆኗል፣ የባህር ዳርቻ ከተማ ልጅ ነው፣ ደሴ ስንደርስ ፀሐይዋ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ገብታለች፣ የጥር ብርድ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እናቴ ሰላም ሳትለው በፊት ጋቢ ነው ያለበሰችው። ከዛ ሰላምታ ሆነ። እነሱ ጉንጭ ለጉንጭ ሁለቴ ነው የሚሳሳሙት፣ ሁለት ሳመና ጨረስኩ ብሎ ቀና ሲል እናቴ ገና ሦስተኛው ላይ ነበረች፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ተጋጩ።

ዋናው ግን እበሩ ላይ የሆነው ነው። ቱርኮች ቤት ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ፣ በጫማ ሰው ቤት ምንጣፍ መርገጥ እነሱ ዘንድ ነውር ነው። ልጁም ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ፣ ካልሲውንም ጭቃ ነክቶት ስለነበር አወለቀ፣ በባዶ እግሩ ቄጠማው ላይ ቆመ። ይሄኔ አያቴ አዩት። አያቴ አምባሰል ነው ያደጉት፣ እሳቸው የሚያውቁት መንገደኛ ጫማውን አውልቆ ከቆመ እግሩን ሊታጠብ እንደሆነ ነው። «ኧረ ልጆች ውሃ አምጡ፣ የሰው ልጅ ቆሞ ታያላችሁ?» ብለው ቤቱን ቀወጡት። ሙቅ ውሃ በሳፋ መጣ። አያቴ ወገባቸውን ይዘው ዝቅ አሉና እግሩን ያዙት።

ልጁ ደነገጠ። እሱ እግሩን ይሰበስባል፣ እሳቸው ይስባሉ፣ እኔን ያየኛል አድነኝ በሚል አይን፣ እኔም በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ቤታችን ውስጥ አይቼ አላውቅም፣ ድሮ ገጠር ነበር ሲባል ነው የምሰማው። ትልቅ ሰው እግሬን አያጥብም አለ በእንግሊዝኛ፣ ተረጎምኩላቸው፣ «አፈር ስሆን፣ ዝም በል ልጄ» አሉት። ዝም አለ። እግሩን ከጣት እስከ ቁርጭምጭሚት አሽተው አጥበው፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁለት። ሲጨርሱ ልጁ ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከና እጃቸውን ስሞ ግንባሩ ላይ አደረገው። ይሄ የቱርኮች ነው፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚከበረው። አያቴ ምን እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም ግን ገባቸው፣ አይናቸው እንባ ሞላ፣ «እደግ፣ ተመንደግ፣ ክፉ አይይህ፣ ላገርህ ያብቃህ» እያሉ መረቁና ፊቱ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉበት። እኔ አሁን ይሄን ደግሞ ምን ብዬ ላስረዳው ብዬ ስጨነቅ ልጁ በሳቅ ፈነዳ። የሱም አያት ለካ ቆንጆ ልጅ ሲያዩ ዓይን እንዳይበላው ቱ ቱ ቱ ማሻላህ ይላሉ። ያን ቀን ማታ ስለ አያቱ ብዙ አወራኝ።

ወደ ቅንድቡ ልምጣ። ይሄኛውን ለማንም ሳወራ ቆሜ ነው የማሳየው። ቱርኮች አይ ማለት ሲፈልጉ ሁሌ በአፍ አይናገሩም፣ ቅንድባቸውን ወደ ላይ ይሰቅላሉ፣ አገጫቸውን ትንሽ ቀና ያደርጋሉ፣ በምላሳቸው ጭ ያደርጋሉ፣ አለቀ፣ አይ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ቅንድብ ወደ ላይ ካልን አዎ ነው። ጭ የምትለዋን ድምፅ ደግሞ የምናውቃት ከንፈር ስንመጥ ነው፣ ሰው ሲያሳዝነን ወይ ሀዘን ሲገባን። እንግዲህ አስቡት። የመጀመሪያው እራት ዶሮ ወጥ ነው፣ ዶሮዋን ያረደልን ሙስሊሙ ጎረቤታችን ነው፣ ድስቱም ሳይቀር ከነሱ ቤት የመጣ ነው እንግዳው ሙስሊም ስለሆነ። ልጁ እስኪጠግብ በላ። እናቴ እንጀራ አንስታ «ልጨምርልህ?» አለችው። ቅንድቡን ሰቀለ፣ ጭ አለ። እናቴ ቅንድቡን አየች፣ አዎ ብሏል፣ ጨመረች። ድምፁን ሰማች፣ አዝኗል። «ምስኪን፣ እናቱ ናፍቃው ነው» አለችና አንድ እንቁላል ደረበችበት።

ጨዋ ልጅ ነው፣ የቀረበለትን በላ። እንደገና ጠየቀችው። አሁን ጠንከር አድርጎ ነው አይ ያለው፣ ቅንድቡ ፀጉሩ ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ ጭ ጭ ሁለቴ። እናቴ ደነገጠች፣ «ኧረ ይሄ ልጅ ሆዱ ባዶ ነው፣ ስንት ቀን ሳይበላ ነው የመጣው?» ብላ የእግር ብልቱን በወጥ አድርጋ ጨለፈችለት። አያቴ ከንፈራቸውን መጠጡለት። እሱ ደግሞ አያቴ ጭ ሲሉ ሰማና እሳቸው አይ፣ ይበቃዋል እያሉልኝ ነው ብሎ ተስፋ አደረገ፣ በምስጋና አያቸው፣ እሳቸው ግን ጉረስ ብለው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፉ አመጡ። እህቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጓዳ ገባች። ነገሩ የተፈታው የአክስቴ ልጅ ጋር በቴሌግራም ደውለን ነው፣ ሲሰማ ስልኩን ጥሎ ነው የሳቀው መሰለኝ ድምፁ ጠፍቶ ነበር።

ምክንያቱም እሱም ኢስታንቡል ላይ በዚችው ቅንድብ ፆሙን ውሎ ያውቃል። እንደሄደ ሰሞን ሰው ቤት ይጋብዙታል፣ ሻይ ትጠጣለህ ሲሉት እንደኛ ቅንድቡን ቀና ያደርጋል፣ እሺ ማለቱ ነው፣ ሰዎቹ አይፈልግም ብለው ያልፉታል፣ ሁሉ ሲጠጣ እሱ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። እነዚህ ሰዎች ለምን ይጠይቁኛል ካልሰጡኝ እያለ። በአፉ እሺ ማለት ከጀመረ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ፣ ብርጭቆው ባዶ በሆነ ቁጥር ይሞላል፣ ይሞላል፣ ማቆሚያው ማንኪያውን ብርጭቆው አፍ ላይ በጀርባ አጋድሞ ማስቀመጥ መሆኑን እስኪያይ ድረስ። ዶልሙሽ ላይ የሆነውንም እኔ በጣም ነው የምወደው። ዶልሙሽ የነሱ ሚኒባስ ታክሲ ነው፣ ረዳት የለውም፣ ከኋላ ያለ ተሳፋሪ ሂሳቡን ከፊት ላለው ይሰጣል፣ እጅ በእጅ እየተቀባበለ ሹፌሩ ጋ ይደርሳል፣ መልሱም እንደዛው ይመለሳል። የአክስቴ ልጅ ይሄን አያውቅም፣ አንዲት ሴትዮ ትከሻውን ነካ አድርጋ ብር ሰጠችው። ተማሪ መሆኔን አይታ ነው፣ ሀገራቸው ደግ ነው ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመስግኖ ኪሱ ሊከት ሲል ታክሲው ሙሉ ሰው ነው ያየው። ሴትዮዋ እየሳቀች ወደ ሹፌሩ ጠቆመችው፣ ስትወርድ ደግሞ የሱንም ከፍላለት ወረደች።

ወደ ደሴ። ቅንድቡ ከተፈታ በኋላ ትንፋሹ መጣ። እኛ ሰው ሲያወራ አዎ፣ እየሰማሁህ ነው ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን አይደል፣ ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ይሄን ሲያደርጉ ቤት ይሰማል። ልጁ ስለ ሀገሩ ሲያጫውታቸው እኔ እየተረጎምኩ፣ እሳቸው አየር ሳብ ሲያደርጉ አንቋቸዋል ብሎ ተነስቶ ጀርባቸውን መታ፣ ውሃ ውሃ ብሎ ጮኸ። እትዬ ደግሞ የተመቱት ለምን እንደሆነ ስላልገባቸው እንደገና በድንጋጤ አየር ሳቡ፣ እሱ እንደገና ሊመታ ሲል ነው የያዝኩት።

ቡናው ላይ በጣም እርግጠኛ ነበር። እውነት አለው፣ ቡና ከኛ ሀገር በየመን አድርጎ ኢስታንቡል የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ የቱርክ ቡና ባህል እ.ኤ.አ. በ2013 ዩኔስኮ ጋ ተመዝግቧል፣ ልጁም ይሄን በኩራት ነው የሚናገረው፣ እናቴም በኩራት ነው የሰማችው። ዕጣኑ ጨሰ፣ ፈንዲሻው መጣ፣ ረከቦቱ ላይ ሲኒው ተደረደረ። እትዬ የገጠር ልማዳቸው ነው ቡናቸውን በጨው ነው የሚጠጡት፣ የሱ ላይም እንዳያደርጉ እናቴ እጃቸውን ያዘች። ጤና አዳሟን ቅጠል ወድቆብኝ ነው ብሎ በጣቱ አውጥቶ ሳሩ ላይ ጣላት፣ ይሄ ይሁን። አቦሉን ጠጥቶ ሲጨርስ ግን ሲኒውን ገልብጦ አስቀመጠው፣ ከዛ እጁን አጣጥፎ ሁላችንንም በጉጉት ያየናል።

እናቴ ልቧ ተሰበረ። ቶና አለ፣ በረካ አለ፣ በአቦል ማን ይነሳል፣ ያውም ገልብጦ። ምን አጎደልኩ አለች። እሱ ግን የሚጠብቀው ሌላ ነው፣ እነሱ ቤት ቡና ሲጠጣ ሲኒው ተገልብጦ ይቀዘቅዝና የእናት ጓደኛ ወይ አክስት አተላውን አይታ እድልህ እንዲህ ነው፣ መንገድ ይታየኛል፣ ሴት ልጅ ትታየኛለች እያለች ትጫወታለች፣ ለሳቅ ለጨዋታ ነው። ይሄን ሲነግረኝ ሳላስበው ጮክ ብዬ ተረጎምኩት። እትዬ «አኡዙቢላህ!» አሉ፣ አያቴ በዛው ቅጽበት «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። ከኛ ሰፈር ሁለቱ ሃይማኖቶች ባንድ አፍ እንዲህ ሲገስጹ መስማት ደስ ይላል። እናቴ ሲኒውን ብድግ አድርጋ አለቅልቃ ቶናውን ቀዳችለት፣ እድሉንም በረካ ላይ ሰማ፣ እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት፣ ሀገርህ በሰላም ግባ፣ እናትህን አግኛት፣ ያሰብከው ይሙላ አሉት፣ አሚን ስንል አሚን አለ፣ ይሄን ማንም መተርጎም አልነበረበትም።

ሰዓቱ ላይ የውጭ ሰው ሁሉ ይሳሳታል ትሉኝ ይሆናል፣ የሱ ግን ለየት ይላል፣ ምክንያቱም ኢስታንቡልና ደሴ ሰዓታቸው እኩል ነው። አውሮፕላን ላይ ሆኖ ሰዓቴን ላስተካክል ሲል የሚስተካከል ነገር የለም፣ ስለዚህ ሰዓት የሚባለው ነገር ከሀሳቡ ወጥቷል። ብቻውን ፒያሳ ወርዶ ሳለ ከአንድ የሚኒባስ ሹፌር ጋር ሐይቅ ለመሄድ ኮንትራት ተነጋገረ፣ በእጅ ምልክት ነው፣ ሹፌሩ አንድ ጣቱን አሳየው፣ አንድ ሰዓት። ለኛም አልነገረንም፣ በግብዣ ሊያስደንቀን ነው። በማግስቱ ሹፌሩ በጠዋቱ ፒያሳ ቆመ፣ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ የለም። ሄደ። ልጁ ምሳ ሰዓት አልፎ፣ በነሱ አንድ ሰዓት፣ እኔንና እህቴን ይዞን ፒያሳ ወረደ፣ እኔ ነገሩ ሲነገረኝ በቃ ሰውየው ሄዷል፣ ተቀይሟል ብዬ ነበር። ሚኒባሱ ቆሞ አገኘነው! ሹፌሩ ድሮ ኮምቦልቻ ለባቡሩ ሠራተኞች ሰው ያመላልስ ነበር፣ ቱርኩ ካልመጣ በራሱ ሰዓት ይሆናል ብሎ አስቦ፣ በመሀል አንድ ምልልስ ሠርቶ ተመልሶ መጥቶ ነው። ስለጠዋቱ ደግሞ አንድ ብር አልጨመረም፣ እምቢ አለ።

ሐይቅ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሰን ዓሣ በላን፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም አየን፣ እዛ ሴት ስለማይገባ እህቴ ውሃው ዳር ቀረች። ስንመለስ ልጁ ሰዓታችን ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ፣ ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆናት አንድ እንላለን፣ ስትጠልቅ ደግሞ 12 አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና የድሮ ኢስታንቡልም እንዲህ ነበር አለኝ፣ ኦቶማኖቹ ፀሐይ ስትጠልቅ 12 ብለው ነበር የሚቆጥሩት፣ የአውሮፓውን ሰዓትና ካሌንደር እ.ኤ.አ. በ1926 ሲቀበሉ ነው የቀረው። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። የኛ ሰዓት ለሱ የቅድመ አያቱ ሰዓት ነው ማለት ነው!

ካሌንደሩም ዝም አላለንም። ሌላ ቀን ወደ ውጫሌ ሄደን ይስማ ንጉሥ ደረስን፣ የውጫሌ ውል የተፈረመበት፣ በአንቀጽ 17 ምክንያት እስከ ዓድዋ ያደረሰው። እዛ ያገኘናቸው አንድ አባት ውሉ በ1881 ሚያዝያ 25 ቀን መፈረሙን ነገሩን። ልጁ ስልኩን አይቶ በትህትና 1889 ነው ይላል አለ፣ ሜይ 2። እሳቸው 1881 አሉ። እሱ ስልኩን አሳያቸው። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እሱ ደግሞ አልሰሙኝም ብሎ እሱም ከፍ አደረገ። ይሄኔ ወደኔ ዞረው «ጣሊያን ነው እንዴ ልጁ?» አሉኝ፣ የምራቸውን ነው፣ ያ ቦታ ላይ ቆሞ በውሉ የሚከራከር ሌላ ማን ይሆናል። የሁለቱም ልክ ነው፣ የኛ አቆጣጠር በሰባት ወይ በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሆነ ነው ብዬ ለሁለቱም አስረዳሁ። ሲለያዩ ተቃቅፈው ነው። ልጁ ሚኒባስ ውስጥ ልደቱን በኛ አስልቶ ለካ ገና ልጅ ነኝ ብሎ ለእናቱ ደወለ።

ሰርጉን ሳልጽፍ ካለፍኩ ግን ሁሉን እንዳልጻፍኩት ነው። የዘመዳችን ሰርግ ኮምቦልቻ ነበር። ወሎ ውስጥ ላላደጋችሁ፣ እኛ ጋ ሰርግ ሲሆን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስለሚጠራ ሥጋው ለየብቻ ነው የሚታረደው፣ ለየብቻ ነው የሚሠራው፣ ሳህኑም ሳይቀላቀል። የክርስቲያን ሰርግ ከሆነ የሙስሊሙን ምግብ የሚሠሩት ሙስሊም ጎረቤቶች ናቸው፣ ከራሳቸው ቤት ድስት አምጥተው። ልጁ ይሄን አያውቅም። እኔ ለስላሳ እያደልኩ ስለነበር ከአጎቶቼ ልጆች ጋር እኛ በኩል ቁጭ አለ፣ ጥብስ ተነሳለት፣ ሊጎርስ እጁን ሲሰነዝር አጎቴ ከዛ ማዶ አዩት። ድንኳኑን አቋርጠው መጥተው ሳህኑን ከእጁ ነጠቁት፣ ክንዱን ያዙና ሰው ሁሉ እያየ ይዘውት ሄዱ።

እኔ ስደርስ ልጁ ማዶ በሙስሊም ሽማግሌዎች መሀል ተቀምጧል፣ ፊቱ ነጭ ሆኗል፣ ፊት ለፊቱ ተራራ የሚያክል ምግብ አለ፣ ብርዝ ተቀድቶለታል፣ አንድ ሽማግሌ ጉርሻ ይዘው ይጠብቁታል። ቀስ ብሎ ምን አጠፋሁ፣ ለምን አባረሩኝ አለኝ። አስረዳሁት። አልገባውም መሰለኝ እንደገና አስረዳሁት፣ ማንም ሰው በማያየው ቦታ ቢሆንም አጎቴ ያንተን ሃይማኖት ይጠብቁልሃል፣ እዚህ እንዲህ ነው፣ ሙስሊሙ ቤት ብንሄድ ለኔም እንዲሁ ይደረግልኛል አልኩት። ልጁ እኔ እኮ ያን ያህል ሰጋጅ አይደለሁም አለ፣ ለአጎቴ ንገርልኝ፣ እንዳይቸገሩ። ነገርኳቸው። አጎቴ ምን አሉ፣ «እሱ የሱና የአላህ ጉዳይ ነው ልጄ፤ የኛ ጉዳይ ሳህኑ ነው።» ይሄን ስተረጉምለት ለረጅም ሰዓት አልተናገረም፣ ከዛ ጉርሻውን ተቀበለ። እኔ ደሴ ተወልጄ ሳድግ ይሄን በየሰርጉ አይቼዋለሁ፣ እንደዛን ቀን ግን ኮርቼበት አላውቅም።

ጭፈራው ላይ ደግሞ ወንዶቹ ትከሻ ሲመቱ እሱ ከግራና ከቀኝ ያሉትን በትንሿ ጣታቸው ያዘና ሃላይ የሚሉትን የነሱን የሰርግ ጭፈራ ጀመረ፣ ጎን ለጎን ተያይዞ እግር እየመቱ መዞር ነው፣ መጀመሪያ የያዛቸው ልጆች ግራ ገብቷቸው ተጎተቱ፣ ትንሽ ቆይቶ ድንኳኑ ሙሉ በሙሉ ተያይዟል፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ወጥቶ የኮምቦልቻ ሰው እስካሁን ይቀባበለዋል።

አሁን ከእናቴ ጋር ወደማንስማማበት ልምጣ። ከሰርጉ ማግስት ማታ ልጁ ሆዱን አመመው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ነው ያደረው፣ እኔ የዝንጅብል ሻይ እያፈላሁ አብሬው አደርኩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ በሄደበት ሁሉ እምቢ ሲል የሰማው የለም። ቅንድቡ ከተፈታም በኋላ በአማርኛ በቃኝ ማለት ለምዶ ነበር፣ አጥርቶ ነው የሚላት፣ ግን እኛ በቃኝን የምንሰማት የጨዋታው መጀመሪያ አድርገን ነው። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ። እኔ ይሄን ልማዳችንን እወደዋለሁ፣ ወሎን ወሎ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ነው፣ የእናቴን እጅ የሚያህል ደግ እጅ አላውቅም። ግን እንግዳ በቃኝ ሲል የእውነት በቅቶት ሊሆን ይችላል፣ እና ሌሊት ሆዱን ይዞ ሲያቃስት አጠገቡ ማን ነው ያለው። ቱርኮችም ሰው በምግብ ያስጨንቃሉ አለኝ ልጁ፣ እነሱ ግን ቢያንስ ያቺ የሻይ ማንኪያ አለቻቸው፣ ማንኪያው ብርጭቆው ላይ ከተጋደመ ማንም አይጨምርም፣ ማንም አይቀየምም። እኛም እንደዛ ያለች አንድ ነገር ብትኖረን እላለሁ፣ እንግዳው ሲያደርጋት ሁላችንም በደስታ እጃችንን የምንሰበስብባት።

ልጁ በመጪው ጥር እመለሳለሁ ብሏል፣ እናቱንም ይዞ። እናቴ ከአሁኑ በርበሬ ማስቀንጠስ ጀምራለች። ትናንት ቡና ላይ ይሄንኑ የማንኪያ ነገር አነሳሁባት፣ እማዬ እናቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ በቃኝ ካሉ ይብቃቸው፣ ቃል ግቢልኝ አልኳት።

«እሺ» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «ግን እኮ እናት ናት። ልጇን ያን ያህል ቀን አብልቼላት በቃኝ ብትለኝ እኔን አታውቀኝም ማለት ነው» አለችኝ።